ጤነኛ የተባለው ጎማ

«ጤነኛ!» አለ፤ ከዚያ መዶሻውን ጎማው ላይ አሳረፈ።

ተገላቢጦሽ ነበር። ደንቡ መጀመሪያ መምታት፣ ቀጥሎ መስማት፣ በመጨረሻ መናገር ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን አፉ ከመዶሻው ቀደመ። ብረቱም እንደ ደወል አልጮኸም፤ እርጥብ ግንድ እንደተመታ «ዱብ» ብሎ ዝም አለ።

ጸሐፊዋ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ መዝገቡን በግራ ክንዷ አቅፋ ቆማለች። እስክሪብቶዋ የስድስተኛውን ጎማ ቦታ ሞልቶ ወደ ሰባተኛው ተሻግሯል።

«ሰባት» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሰውየው አልተንቀሳቀሰም።

ሥራው የባቡር ጎማ ማዳመጥ ነው። አንድ የመንገደኛ ፉርጎ ስምንት የብረት ጎማ አለው። ጤነኛ ጎማ በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ይረዝማል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ግን ድምፁን ይውጠዋል። እሱ እየመታ ይጠራል፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች። ቃሉ ሁለት ብቻ ነው፤ «ጤነኛ» ወይም «ታማሚ»። ታማሚ የተባለ ጎማ በጠመኔ ኤክስ ይደረግበታል፤ ሌላ ሰው በሌላ መዶሻ መትቶ እስኪፈርድ ድረስ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ጤነኛ የተባለውን ግን ለሠላሳ ቀን ማንም አይነካውም።

በዚህ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቷል። «ጆሮ» ነው የሚሉት። የሰፈሩ ሴቶች ሰሃንና ብርጭቆ ሊገዙ ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱን በጥፍሩ ቀጭ እያደረገ ደህናውን ከተሰነጠቀው ይለይላቸዋል። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩት «መጣ ደግሞ ሐኪሙ» እያሉ ዕቃቸውን ይሸፍናሉ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በእሱ ገጽ ላይ አንድም ስርዝ የለም። ስርዝ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ከዓመታት በፊት አንድ ባልደረባው «ጤነኛ» ካለ በኋላ ልቡ ጠርጥሮ «ይሰረዝልኝ» አለ። ጎማው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ባቡሩ በከንቱ አንድ ሰዓት ዘገየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባልደረባው ስም «ይሰረዝልኝ» ሆኖ ቀረ። ጡረታ ሲወጣ በሽኝቱ ላይ አለቃው ሳይቀር በዚያው ስም ጠራው፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ስሙን ያወጣለት ጆሮ ነበር።

«ሰባት፣ ጋሼ! ቆመው ነው የሚተኙት?»

ቅባት ይሆናል አለ በልቡ። ቅባት ሲጋገርበት ብረት ድምፁ ይታፈናል። መጥረጊያ ጨርቁ ኪሱ ውስጥ ነበረ። አላወጣውም። ሰባተኛውን መታ፤ ጮኸ። «ጤነኛ።» ስምንተኛውን መታ፤ ጮኸ። «ጤነኛ።» በፉርጎው ጎን ላይ ነጩን መስመር አሰመረ። ጸሐፊዋ ፈረመች፤ እሱም ፈረመ።

የፉርጎው ቁጥር 418 ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መንገደኛ ጭኖ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር፣ ሚስቱ በቀኙ በኩል ምድጃው አጠገብ ቆማ አፏን ታንቀሳቅስ ነበር።

«ምን አፍሽን ታላውሻለሽ?» አላት።

ከዚያ ዞራ በግራው መጣች። «ምሳህን ያዝ ነው የምልህ። ይኼ አራተኛዬ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ነው ወይስ እየቀለድክ ነው?»

ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ደፈነው፤ ለቀቀው። ልዩነት የለም። የአልጋውን ብረት በጥፍሩ መታ። ድምፁ በግራ በኩል ብቻ ገባ። በቀኝ በኩል ክፍሉ፣ ምድጃው፣ መንገዱ፣ አንዱም የለም።

«ኩክ ነው» አለች ሚስቱ። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ከሁለቱ ክፍሎቻቸው አንዱን የስፌት መኪናዋና ጨርቋ ይዘውታል፤ መርፌ የምትይዝ ሴት ደግሞ ማንኛውም ነገር በእጅ የሚወጣ ይመስላታል። «ሠላሳ ዓመት የብረት ብናኝ ሲገባበት ኖሮ ባይደፈን ነበር የሚገርመው። ና ጋደም በል።» ዘይት አሙቃ አንጠባጠበችበት። ዘይቱ ገባ፤ ዘይቱ ወጣ። ሌላ ነገር አልተከተለውም።

የመሥሪያ ቤቱ ነርስ በባትሪ አየለት። «እንደ ሕፃን ጆሮ ንጹሕ ነው» አለ። የአሥር ቀን ዕረፍትና ወደ ጆሮ ሐኪም የሚልክ ወረቀት ጻፈለት።

ወረቀቱን ለአለቃው ይዞ ሄደ። አለቃው ከእሱ በብዙ ዓመት ያንሳል፤ መዶሻ አያያዝ ያስተማረው ጆሮ ነው። ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው ስንት ደቂቃ እንደቀረ ስለሆነ ስሙ «ደቂቃ» ነው።

«ጆሮ ጆሮውን ታመመ?» አለ ደቂቃ። «ዓሣን ውሃ ጠማው በሉኛ!» በክፍሉ የነበሩት ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይረፉ ጋሼ። የእርስዎን ተራ እኔ ራሴ እመታለሁ።»

«418ንስ?»

«418 ምን ሆነ?»

«ምንም። ተራው መቼ ነው ብዬ ነው።»

«ከሦስት ቀን በፊት እርስዎ አይደሉ እንዴ የመቱት? ገና ሃያ ሰባት ቀን አለው። ጆሮ ጤነኛ ያለውን ማን ይነካል!»

ወደ ቤቱ ሲመለስ ትከሻው ቀለለው። መዶሻ ያልያዘ ሰው የሚጠየቀው የለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ጣለው፤ እንደዚያ ከተኛ ሦስት ቀኑ ነበር። ሲነሳ ግን ምግብ አልወርድ አለው። በማግስቱም እንደዚያው። ጎረቤት በር ሲዘጋ፣ ሚስቱ መቀሷን ጠረጴዛ ላይ ስትጥል፣ የማይሰማው ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር «ዱብ» ይላል። ሌላ ድምፅ የማያስገባ ጆሮ እሱን ብቻ ያስገባል።

የጆሮ ሐኪሟ ሽበት የጀመራት፣ ቶሎ የማትናገር ሴት ናት። ሦስት ጊዜ መረመረችው። መጀመሪያ ሣጥን በመሰለ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጋ፣ ድምፅ ሲሰማ ጣቱን እንዲያነሳ ነገረችው። ለግራ አነሳ። ለቀኝ አላነሳም። በሁለተኛው ጊዜም አላነሳም። በሦስተኛው ጣት አላስነሳችውም፤ ግንባሩና ከጆሮው ጀርባ ላይ ቀጫጭን ሽቦ ለጥፋ «ዓይንዎን ጨፍነው ይረፉ» አለችው። በስክሪን ላይ መስመር ሲወጣ ሲወርድ ሃያ ደቂቃ አለፈ።

«ጨረስን አባቴ» አለች፣ በግራው በኩል ወንበር ስባ። «ይኼ ማሽን እርስዎን አልጠየቀም። አንጎልዎን ነው የጠየቀው። አንጎልዎ ደግሞ መልሷል። በቀኝም በግራም።»

«እንግዲያው ውሸታም ነህ በይኛ።»

«አላልኩም። አሁን በቀኝዎ ባወራዎት እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ሰው ሲያፍር ፊቱ ይቀላል፤ ሲደነግጥ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሲያዝን ምግብ አልወርድ ይለዋል። ይኼን ሁሉ ማንም ውሸት ነው አይልም። ልብ የከበደው ነገር ገላ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱን በሆዱ፣ አንዳንዱን በእግሩ። እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው አክሜ አውቃለሁ፤ እጁ ምንም አልነበረበትም። እርስዎን በጆሮዎ መጣብዎት።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ» አለ፣ ለማሳቅ ያህል።

አልሳቀችም። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋልም ይባላል። ብቅል ካላወጣው ገላ ያወጣዋል። እስቲ ይንገሩኝ፤ ይኼ ጆሮ ከመዘጋቱ በፊት የሰማው፣ ልብዎ ላይ የቀረ ነገር አለ?»

«የሚስቴ ጭቅጭቅ።»

«ሲዘጋስ ከምን ገላገለዎት?»

ባርኔጣውን አነሳ። ሐኪሟ አልተጫነችውም። ዕረፍቱን አራዝማ ወረቀቱን ጽፋ ሰጠችውና በሳምንቱ ተመልሶ እንዲመጣ፣ ሲመጣም ለመናገር ተዘጋጅቶ እንዲመጣ ነገረችው። ከበሩ ውጭ ቆሞ አነበበው። «የጆሮው አካል ጤነኛ ነው። ችግሩ ከከፍተኛ ጭንቀት የመጣ እንደሆነ ይገመታል።»

ጤነኛ የሚለውን ቃል ሲያይ በቀኙ በኩል «ዱብ» አለ።

ወረቀቱን ለሚስቱ አላሳያትም፤ እሷ ግን ኮቱን ስትቦርሽ አገኘችው።

«ጭንቀት? አንተን ምን ያስጨንቅሃል? ልጅ ድረሃል። ከሰው አልተጣላህ። ያስጨነቅኩህ እኔ ነኝ?»

«ሐኪም ያጣውን ሁሉ ጭንቀት ነው የሚለው።»

«እሺ» አለች። እሺታዋ የእሺታ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዳንዴ ስፌቷን አቁማ በቀኙ ትጠጋና ዝግ ጆሮው ላይ ታወራለች። እስትንፋሷ ይሞቀዋል እንጂ ቃሉ አይገባም።

«ምንድን ነው የምትይው?» ይላታል።

«ላንተ አይደለም። ለዚህኛው ነው የምነግረው። አንተ ለምን ትሰማለህ?»

ልጃቸው በባቡር የአምስት ሰዓት መንገድ በሆነ ከተማ ነው የምትኖረው። ጆሮ መዶሻውን ባስቀመጠ በሁለተኛው ሳምንት መውለዷ ተሰማ። ሚስቱ የሰፋችውን ሁለት መጋረጃ ለባለቤቶቹ አስረክባ፣ ጣቢያ ሄዳ ትኬት ቆርጣ መጣች። ትኬቱን ጠረጴዛ ላይ ስታኖረው አነበበው። ሦስተኛ ፉርጎ። በዚያ ባቡር ሦስተኛው ፉርጎ 418 ነው።

«በአውቶብስ ሂጂ» አለ።

«ምን?»

«አውቶብስ ይሻላል። ቶሎ ይደርሳል።»

«አንተ ሰውዬ! ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር አብልቶህ ሚስትህን አውቶብስ ታሳፍራለህ? ወገቤን ታውቀው የለ፤ አውቶብስ ላይ ስምንት ሰዓት ተቀምጬ የልጅ ልጄን ማን ያቅፍልኛል?»

«እንግዲያው ሦስተኛ ላይ አትቀመጪ።»

ትኬቱን አየችው፤ እሱን አየችው። እጇ ላይ ያለውን የሕፃን ልብስ ቀስ አድርጋ አጠፈች። «ሦስተኛው ምን አለበት?»

«ሽንት ቤቱ ይሸታል።»

ወጥ ስታማስል ጀርባዋን ሰጥታው ቆየች። ማታ ሲበሉ እሱ ሦስት ጉርሻ ሳያልፍ እጁን ታጠበ፤ ለምን አልበላህም አላለችውም። ሌላ ጊዜ ትለው ነበር።

ጉዞው 418ን ከመታ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሆነ። ሻንጣዋን ይዞ ከባቡሩ መነሻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀድመው ጣቢያ ደረሱ። ባቡሩ ልክ በአንድ ሰዓት ይነሳል። ሚስቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ትኬት ቆራጩን ፈለገ፤ ሰፊ ሆድ ያለው፣ ሁሉን «ዘመዴ» የሚል የድሮ ወዳጁ ነው።

«ከፊት ቦታ ፈልግልኝ። መጀመሪያው ፉርጎ ላይ።»

«ጆሮ! ደግሞ መቀማጠል መቼ ጀመርክ? ሞልቷል እኮ።»

«ለሚስቴ ነው።»

«ለሚስትህ ከሆነማ ሾፌሩን አስነስተን እናስቀምጣታለን!» ሄደ፤ ተመለሰ። «አንድ ሽማግሌ ለቀቀላት። መስኮት አጠገብ። ሂድ አስገባት።»

አስገባት። ሻንጣዋን ከላይ ሰቀለ። መስኮቱን ከፈተላት። በዝግ ጆሮው በኩል የሆነ ነገር አለችው፤ ምን እንዳለች አልጠየቃትም። ሲወርድ ጆሮው የተዘጋ ዕለት የተሰማው መቅለል እንደገና ተሰማው። የሚገባውን ያደረገ ሰው መስሎት እስከ ሦስተኛው ፉርጎ ድረስ ሄደ።

የሦስተኛው ፉርጎ ደረጃ ላይ አንድ ሽማግሌ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ታቅፎ ለመውጣት ይታገላል። ጆሮ ከታች ደገፈለት።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። ከፊት ነበርኩ፤ አንዲት ሴት ወገቧን ያማታል ብለው ወደዚህ ላኩኝ።» ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ ተነፈሰ። «የዚህ ባቡር ሰው ከሆንክ አደራህን፣ ሾፌሩን ቀስ በል በልልኝ። መስታወት ነው የያዝኩት።»

ገባና በስድስተኛው ጎማ አናት ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። መስታወቱን ጉልበቱ ላይ አቆመው።

ጆሮ ጠመኔ ከኪሱ ተለይቶት አያውቅም። ተንበርክኮ በስድስተኛው ጎማ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገ። ሰዓቱ ለአንድ አሥር ጉዳይ ነበር። ይህ የሚታወቀው ጸሐፊዋ በኋላ ስለመዘገበችው ነው።

ሾፌር ከመነሳቱ በፊት ባቡሩን በእግሩ ዞሮ ያያል። ኤክሱን ሲያይ ቆመ፤ እጁን አነሳ። ደቂቃ ሰዓቱን በእጁ እንደያዘ እየሮጠ መጣ፤ ጸሐፊዋ መዝገቧን ታቅፋ ከኋላው።

«ማነው ይኼን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጋሼ!» ደቂቃ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እርስዎ ዕረፍት ላይ ነዎት። መዶሻስ የት አለ? ሳይመቱ ነው ኤክስ ያደረጉት?»

«የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን መትቼዋለሁ። ታማሚ ነው።»

«ጤነኛ ብለው ፈርመዋል እኮ!»

«አፌ ቀደመኝ።»

መንገደኛው በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አለ። «ምን ሆነ? አንሄድም እንዴ?» አለ አንዱ። «ሰውየው ጠመኔ ይጫወታል» አለ ሌላው።

ደቂቃ በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ ፎቀቅ አደረገው፤ በለሆሳስ ማውራት ጀመረ። «ይስሙኝ ጋሼ። የሐኪሟን ወረቀት አንብቤዋለሁ፤ ለቢሮ ተልኮልናል። ምን እንደሚል ያውቃሉ። ጭንቀት ነው የሚለው። ጆሮው የማይሰማ ሰው፣ ሐኪም አእምሮው ተጨንቋል ያለው ሰው፣ ‹ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ሰምቻለሁ› ብሎ ባቡር ሲያቆም ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ዛሬ ቢያጠፉት ማንም አያውቅም። በእጅዎ ያጥፉልኝ። እለምንዎታለሁ።»

«ሰምቻለሁ። የታመምኩት ስለሰማሁ ነው።»

«እኔን አይዩኝ፤ ስምዎን ይዩ። ሌላ ‹ይሰረዝልኝ› ሊሆኑ ነው?»

ጆሮ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። «ምታው» አለ። «ደንቡን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ኤክስ አለበት፤ ሁለተኛ ሰው ይምታው።»

ክርክሩ ስምንት ደቂቃ ወሰደ። ይኼም ተመዝግቧል።

ደቂቃ መዶሻ አስመጣ። ጎንበስ ብሎ መታ።

ጎማው እንደ ደወል ጮኸ። ጆሮ በግራ ጆሮው ራሱ ሰማው፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልነካው ድምፅ። ደቂቃ ደግሞ መታ። ደግሞ ጮኸ። ከመስኮቶቹ ሳቅ ወረደ። «ጤነኛ ነው!» አለ ከመንገደኞቹ አንዱ፣ እንደ ዳኛ። ሾፌሩ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ደቂቃ አልሳቀም። የአባቱን ልብስ ተቀዶ እንዳየ ልጅ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። «ሄደው ይረፉ፣ ጋሼ» አለ።

ጆሮ ጎማውን በመዳፉ ነካው። ይኼ እሱ የመታው ድምፅ አልነበረም። ብረት ደግሞ አይድንም።

«እህቴ» አለ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ፣ «የዘንጉን ቁጥር አንብቢልኝ።»

ሁለት ጎማ በአንድ የብረት ዘንግ ይያያዛል፤ በዘንጉ ጫፍ ቁጥር ተቀርጿል፤ ጸሐፊዋ በየምርመራው ትመዘግበዋለች። እሱ ቁጥሩን ተመልክቶት አያውቅም፤ ጆሮ እንጂ ዓይን አልነበረም። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አነበበች። መዝገቡን ገለበጠች። እንደገና አነበበች።

«ጋሼ፣ ይኼ ሌላ ነው። እርስዎ የመቱት ይኼ አይደለም።»

«የት ሄደ?»

ከኋላ ያለውን የዝውውር ገጽ ፈለገች። ጣቷ መስመሩ ላይ ቆመ። «የዛሬ አሥር ቀን ወርክሾፕ ፈታው። ወደ ቆላ የሚወርደው የቁልቁለቱ ባቡር ዘንግ ጎድሎት ነበር። ከዚህ አንሥተው እዚያ አስገቡት።» ቀሪውን በዝግታ አነበበች። «‹በቅርቡ ተመርምሮ ጤነኛ ስለተባለ› ይላል።»

«የቁልቁለቱ ባቡር አሁን የት ነው?» አለ ደቂቃ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«አሥራ ሁለት ከአሥር ተነሥቷል።»

ሦስቱም ወደ ቢሮው ሮጡ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ የመጨረሻ ጣቢያ አለ፤ ስልክ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ባቡሩን የሚያስቆመው የለም። ደቂቃ ደወለ። አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። የዚያ ጣቢያ ሠራተኛ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባቡር ሲያልፍ ባንዲራ ይዞ ውጭ ይቆማል። በሦስተኛው ስልኩ ተነሳ።

«የቁልቁለቱን ባቡር አቁመው!» አለ ደቂቃ። አዳመጠ። ስልኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«አልፏል» አለ። «አራት ደቂቃ ሆነው።»

ወንበሩ ከኋላው ነበር፤ እሱ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ማንም ስምንቱን ደቂቃ አላነሳም። ከውጭ መንገደኞቹ በጭብጨባ «እንሂድ! እንሂድ!» ይላሉ።

የጆሮ ሚስት ከባቡሩ ወርዳ በሩ ላይ ቆማለች። ምንም አልጠየቀችም፤ የሁሉንም ፊት አየች፤ ገብታ ባሏ አጠገብ ቆመች። ጆሮ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን መዝገብ አየ። ፉርጎ 418፣ ስድስተኛ ጎማ። ከታች የራሱ ፊርማ።

«እህቴ» አለ። «ስድስተኛው ይሰረዝልኝ።»

ጸሐፊዋ ወደ ደቂቃ አየች። ደቂቃ ቀና አላለም። ከመሳቢያዋ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣች፤ በቃሉ ላይ አንድ መስመር አሰመረች፤ ከጎኑ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች። መስመሩ ወደ ሰባተኛው ወርዷል።

ከዚያ ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ ያህል።

ስልኩ ጮኸ። ከጆሮ በስተቀኝ ነበር፤ ከማንም በፊት ዞረ። አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው፤ ቀኙ ላይ። ሚስቱ አየች። እሱ ገና አላወቀም።

«ሁለተኛው ፉርጎ ነው» አለው ድምፁ። «ጎማው ተሰንጥቆ ወጣ።»

ሁለት መንገደኞች ሞቱ፤ አሥራ አራት ቆሰሉ። በሳምንቱ ሐኪሟ እንደገና መረመረችው። ቀኝ ጆሮው ሙሉ በሙሉ ይሰማል።